ጁስ ውስጥ የገባችው ሎሚ

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ይሄን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልነግረው ነው፦ ጎንደር ፒያሳ ነን፣ የጥምቀት ዕለት አመሻሽ፤ ታቦታቱ ገብተው ሕዝቡ ነጭ በነጭ ለብሶ መሃል ከተማውን ሞልቶታል፤ ዘንድሮ ትምህርት ቤት የጨረሱት ምንታምርና ብሌን አንዱ ስፖርት ባር ገብተው፣ ወንበር ጠፍቶ ልክ ከስክሪኑ ስር ተቀምጠዋል፤ ጎል ገባ ተብሎ ቤቱ ሲጨፍር ዳኛው ጎሉን ሰርዞት አሁን ሁሉም ሰው እየጮኸ ነው።

ብሌን፦ ጨመቅሻት? እውነቱን ንገሪኝ ምንታምር፣ ጨመቅሻት?

ምንታምር፦ ምኗን?

ብሌን፦ ሎሚዋን!

ምንታምር፦ አዎ፣ ጁሴ ላይ። ፈልገሽ ነበር እንዴ? ልጣጯ ነው የቀረው።

ብሌን፦ ወይኔ ጉዴ! ለመሆኑ ሎሚዋ ከየት መጣች ብለሽ ነው?

ምንታምር፦ ከአስተናጋጁ ነዋ! አቮካዶ ያለ ሎሚ አምጥቶልኝ፣ «ሎሚ ረስተሃል!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ስጮህ አልሰማሽም? ዱብ አለችልኝ። እንዲያውም ዛሬ እንዴት ፈጠኑ ብዬ ላመሰግነው ነበር።

ብሌን፦ አስተናጋጅ ሎሚ በአየር ይልካል?

ምንታምር፦ ሰው እንዲህ ተጠቅጥቆ በየት ይለፍ? ብልህ ልጅ ነው አልኩ።

ብሌን፦ ሙሉ ሎሚ? ያልተቆረጠች?

ምንታምር፦ እሱስ ገርሞኛል። በጥርሴ ነው የከፈትኳት።

ብሌን፦ በጥርሷ! ምድር ተሰንጥቃ ትዋጠኝ፣ በጥርሷ! ምንታምር፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?

ምንታምር፦ ቅዳሜ።

ብሌን፦ ሌላስ?

ምንታምር፦ ሌላ ምን… ጥም…

ብሌን፦ ጨርሺው፣ አይዞሽ።

ምንታምር፦ ጥምቀት። … ብሌን። … በማርያም! የት ላይ ነው የመታችኝ?

ብሌን፦ ደረትሽ ላይ! እዚህ ጋ፣ ጥልፉ ላይ! ከዛ ነጥራ ጭንሽ ላይ አረፈች። ሴት ልጅ በጥምቀት ቀን ደረቷን በሎሚ ተመታች ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔ ላስተምርሽ? ሎሚዋን ካነሳች እሺ አለች ነው። አንቺ ግን ምን አረግሽ? አንስተሽ፣ ገምጠሽ፣ ጨምቀሽ ጠጣሻት! ይሄን የመሰለ ነገር በጎንደር ታሪክ ተደርጎ አያውቅም።

ምንታምር፦ እና ከእሺ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?

ብሌን፦ ይበልጣል እንጂ! ሽማግሌ ሳይላክ ክርስትና መጥራት ነው እኮ!

ምንታምር፦ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!

ብሌን፦ በዚህ ጫጫታ? ብትወልጂም የሚሰማሽ የለ።

ምንታምር፦ ማነው የወረወራት?

ብሌን፦ ወደ ግራ እንዳትዞሪ። እንዳትዞሪ ነው የምልሽ! … ዞረች። አንቺ ሰው አይደለሽም።

ምንታምር፦ ቸርነት?!

ብሌን፦ ከነሱ ጠረጴዛ ነው የመጣችው። በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

ምንታምር፦ ሲወረውር አይተሻል?

ብሌን፦ ስትመጣ ነው ያየኋት። ጎሉ ሲሰረዝ ሁሉም ተነስተው እጃቸውን እያወናጨፉ ነበር። ግን ከዛ ጠረጴዛ ሌላ ማን ሊወረውርብሽ ነው? ያ ጢሙን የሚያበጥረው ሰውዬ?

ምንታምር፦ ቸርነት አያረገውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላዬ ተቀምጦ ያወራኝ ነገር አንድ ነው፦ «ላጲስ አለሽ?»

ብሌን፦ የክፍላችን አንደኛ እኮ ነው! አንደኛ የሚወጣ ልጅ ያን ያህል ምን ተሳስቶ ነው የሚያጠፋው? አንቺም ፋራ ነሽ፣ ላጲስ መስጠት ብቻ። አንድ ቀን እንኳን «ምኑን ልታጠፋ ነው?» አትዪውም?

ምንታምር፦ ይኸው አሁን እያየኝ ነው። ኧረ እንዴት ነው የሚያየኝ!

ብሌን፦ ከስክሪኑ ስር ነው የተቀመጥነው የኔ እናት። ቤቱ በሙሉ እያየሽ ነው።

ምንታምር፦ የሱ ይለያል። ተጫዋቾቹ እረፍት ወጥተዋል፣ ያለው የሳሙና ማስታወቂያ ነው። ሰው በሳሙና እንዲህ ይፈዛል?

ብሌን፦ እሱስ እውነትሽን ነው። ለሳሙና እንዲህ የሚቅለሰለስ ወንድ አይቼ አላውቅም።

ምንታምር፦ ወይኔ ብሌንዬ! ቀን አጥቶ ዛሬ? ነገ በጠዋት ጅማ ልሄድ?

ብሌን፦ ለዛ ነዋ! የዩኒቨርሲቲ ምደባሽን ሰምቷል። እሱ እዚሁ ጎንደር ደረሰው፣ አንቺ የዓለም ጫፍ። ዛሬ ካልወረወረ መቼ ሊወረውር ነው፣ በፖስታ ቤት ሊልክልሽ?

ምንታምር፦ ይርጋን ረሳሽው? ጨዋታው እንዳለቀ መጥቶ ይወስደኛል። ወንድሜን ታውቂዋለሽ፣ ፊሽካው ሲነፋ በር ላይ ነው።

ብሌን፦ እንግዲያው ያለሽ ሁለተኛው አጋማሽ ነው። አሁን መልስ ስጪ።

ምንታምር፦ በምን ልስጥ? ሎሚዋ የለችም!

ብሌን፦ ልጣጯ አለ።

ምንታምር፦ ልጣጭ አንስቼ ላሳየው? እንደ ቢጫ ካርድ?

ብሌን፦ ብርጭቆውን አንሺለታ! ጠጣሁልህ ማለት ነው። ግን ቀስ ብለሽ፣ በጨዋ ደንብ፣ መጀመሪያ አንገትሽን…

ምንታምር፦ አነሳሁ።

ብሌን፦ ምን?

ምንታምር፦ አነሳሁለት። ጠቀስኩትም።

ብሌን፦ ጠቀስሽው?! ከታክሲ ረዳት መልስ መጠየቅ የምታፍሪው ልጅ?

ምንታምር፦ ለጥምቀት ያልሆነ ዓይን ይፍሰስ!

ብሌን፦ እልልል! አንቺን የወለደች እናት ትባረክ! ምን አረገ? ንገሪኝ፣ ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ።

ምንታምር፦ ለስላሳው ትን አለው። ጓደኛው ጀርባውን እየመታለት ነው። ጆሮው ሳይቀር ቀላ!

ብሌን፦ ትን ያለው ወንድ፣ የዋጠው ሚስጥር አለ።

ምንታምር፦ ይሄ ተረት ነው?

ብሌን፦ አሁን ነው የፈጠርኩት። ከመቶ ዓመት በኋላ ተረት ይሆናል።

ምንታምር፦ ብሌን፣ እግሬ ብቻውን እየጨፈረ ነው። ዲጄው ምን ነክቶት ነው ዛሬ እንዲህ የሚያምር ነገር የሚከፍተው? ውጪውን እዪ! ያንን ፈረንጅ እዪ፣ ነጠላ ለብሶ እስክስታ ሲወርድ! ትከሻው ውስጥ ጉንዳን የገባ ነው የሚመስለው። ሁሉን ሰው ወደድኩት። ፈረንጁንም ወደድኩት።

ብሌን፦ ቆይ፣ በቅደም ተከተል ውደጂ። ጅማ ሲመጣ የት ታሳርፊዋለሽ?

ምንታምር፦ ይመጣል?

ብሌን፦ ጁሱን የጠጣሽለት ልጅ ካልመጣ ማን ይመጣል? የመጀመሪያ ልጃችሁን ክርስትና አነሳለሁ። ስሙን «ላጲስ» እንለዋለን።

ምንታምር፦ አንቺ እብድ!

ብሌን፦ ሴት ከሆነች ደግሞ… እሽሽ! ዝም በይ እስቲ።

ምንታምር፦ ምነው?

ብሌን፦ ጋሽ አዱኛን ስሚያቸው።

ምንታምር፦ የሒሳቡ ጋሽ አዱኛ? እሳቸውም እዚህ አሉ?

ብሌን፦ ከነቸርነት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ፣ ጋቢያቸው ላይ ቀይ ስካርፍ ጠምጥመው። ለአስተናጋጁ የሚሉትን ስሚ።

ምንታምር፦ እኔ ጋ ሙዚቃው ነው የሚሰማኝ። ምን ይላሉ?

ብሌን፦ «ይሄ ዳኛ አይደለም፣ ወንበዴ ነው! ግንባሩን ልለው ብዬ…»

ምንታምር፦ ብዬ ምን?

ብሌን፦ ቆይ፣ ልስማ።

ምንታምር፦ ብሌን፣ ብዬ ምን አሉ?

ብሌን፦ «…ሎሚ ወርውሬ ሳትኩት።»

ምንታምር፦ ሎሚ?

ብሌን፦ ምንቱ? የኔ ቆንጆ? ተንፍሺ።

ምንታምር፦ ለዳኛው ነበር?

ብሌን፦ ስክሪኑ ላይ ላለው። ከጭንቅላታችን በላይ ላለው።

ምንታምር፦ ጋሽ አዱኛ ናቸው ደረቴን የመቱኝ?

ብሌን፦ እንግዲህ በባህሉ መሠረት እሺ ያልሽው ለሳቸው ነው።

ምንታምር፦ ዝም በይ!

ብሌን፦ ባለቤታቸውን ማን ያስረዳ? «እትዬ፣ ጣውንት መጣችብዎት፣ በአቮካዶ ነው የመጣችው»…

ምንታምር፦ አትሳቂ! ብሌን እገልሻለሁ፣ አትሳቂ!

ብሌን፦ አልሳቅኩም… ይሄ ለቅሶ ነው… ኧረ ሆዴን! ሲያስተምሩን ጠመኔ ወርውረው ስተው ያውቃሉ እንዴ? የወሬኛውን ግንባር ከጥቁር ሰሌዳው ሆነው ነበር የሚመቱት! ጡረታ ወጥተው ነው የተበላሹት።

ምንታምር፦ ብርጭቆ አነሳሁለት እኮ። ጠቀስኩት። ምንም ላላረገ ልጅ! ዝም ብሎ ኳስ የሚያይ ልጅ! አሁን ምን ይላል? «አቮካዶ ያሰከራት ሴት ዛሬ አየሁ» ነው የሚለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፣ እኔስ በምኔ ልልቀመው?

ብሌን፦ ግን እኮ ትን ብሎታል። ቀልቷል።

ምንታምር፦ አንቺንም ያላሰብሽው ሰው ቢጠቅስሽ ትን ይልሻል! ተነሺ እንሂድ።

ብሌን፦ ሁለተኛው አጋማሽ አሁን ተጀመረ፣ የት ነው የምንሄደው? በሩ እንደሆነ በነሱ ጠረጴዛ በኩል ነው።

ምንታምር፦ በኩሽናው እንውጣ።

ብሌን፦ በዚህ ቀሚስ? ዘይት ቢነካው እናትሽ እኔን ነው የምትሰቅለኝ።

ምንታምር፦ ይኸው ስልኬ። ይርጋ ነው። «መንገዱ በጭፈራ ተዘግቷል፣ መኪናውን ግንቡ ጋ አቁሜ ጨዋታው ሳያልቅ በእግሬ እየመጣሁ ነው» ይላል። አለቀልኝ።

ብሌን፦ በእግሩ ከሆነ ሕዝቡን ሰንጥቆ እስኪደርስ ጊዜ አለን። ልሂድና ልንገረው።

ምንታምር፦ ምን ብለሽ?

ብሌን፦ እውነቱን።

ምንታምር፦ የቱን እውነት?

ብሌን፦ ስንት አለሽ? እንደምትወጂው ነዋ!

ምንታምር፦ አበድሽ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

ብሌን፦ ሆድ ውስጥ ከቀረስ? ጅማ ድረስ ይዘሽው ልትሄጂ? መንገዱን ሙሉ የአውቶብስ መስኮት ላይ ግንባርሽን ደግፈሽ፣ ማታ ማታ እኔ ጋ ደውለሽ «ብሌንዬ፣ ምነው ያን ቀን» ልትዪኝ? አላነሳልሽም። ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም፣ አንቺ ደግሞ ዛሬ ግማሹን ደፍረሽዋል። የቀረሽ ጭሱ ነው።

ምንታምር፦ … እሺ። ግን ይቅርታ ብቻ ነው የምትዪው። «ሎሚዋን ያንተ መስላት ነው ብርጭቆ ያነሳችው፣ ይቅርታ ብላለች።» በቃ። ነጥብ።

ብሌን፦ ነጥብ?

ምንታምር፦ አራት ነጥብ!

ብሌን፦ ሄድኩ።

ምንታምር፦ ብሌን!

ብሌን፦ አቤት።

ምንታምር፦ … ጨምሪበት።

ብሌን፦ ምን ልጨምር?

ምንታምር፦ «ምነው ያንተ በሆነች» ብላለች በይው። ሂጂ! ሳልጸጸት ሂጂ! ሩጪ! … እመቤቴ ማርያም፣ ምን አልኩ? ደረሰች። ጎንበስ አለላት። ምን ያስቃታል ይቺ ደግሞ? ኧረ ጋሽ አዱኛም እየሰሙ ነው፣ እሳቸውን ማን ጠራቸው? ራሳቸውን ያዙ። ሳቁ። ቸርነት ግን አልሳቀም። ለምን አልሳቀም? እያወራ ነው! ከላጲስ ሌላ ነገር እያወራ ነው፣ በእጁ ሳይቀር! ፊቱን ልየው፣ ፊቱን… ጎል? አሁን ምን ጎል ነው፣ ቁጭ በሉ እንጂ ሰዎች! ጋሼ፣ ዝቅ በሉልኝ፣ የራሴ ጨዋታ አለብኝ!

ብሌን፦ መጣሁ፣ መጣሁ! በክርኔ ያልመታሁት የጎንደር ሰው የለም።

ምንታምር፦ ንገሪኝ። ሳትቀንሺ፣ ሳትጨምሪ። ስትጨምሪ አውቅሻለሁ።

ብሌን፦ ሚካኤልን፣ ቃል በቃል ነው። እስትንፋሴን ልሰብስብ…

ምንታምር፦ ይርጋ በር ላይ ቆሟል ብሌን፣ አይቶኛል! በይ ቶሎ!

ብሌን፦ እንዲህ ነው ያለኝ፦ «ሎሚዋማ የኔ ነበረች። ከጠዋት ጀምሬ ለሷ ይዣት ስዞር ዋልኩ፣ ድፍረት አጥቼ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጣት፣ ጋሽ አዱኛ ከፊቴ አፈፍ አርገው ዳኛው ላይ ወረወሯት። እንኳን ሳቱት በያት።»