ገመድ የሌለው አጋዘን

(በፔሩ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሙዚየም ውስጥ፤ አሮጊቷ ሸክላ ሠሪ ኤውላሊያና የሙዚየሙ ኃላፊ ባልታሳር፤ በመካከላቸው ጠረጴዛ ላይ በተንበረከከ አጋዘን ቅርጽ የተሠራ ማሰሮ።)

ኤውላሊያ፦ እጅህን ለሰላምታ ነፍገህ ወንበር ትሰጠኛለህ? ልጄ ሳይፈታ አልቀመጥም።

ባልታሳር፦ እማማ፣ ያሰረው ፖሊስ ነው። እኔ የምጽፈው ዕቃው ከጥንት መቃብር ተቆፍሮ መውጣቱን ብቻ ነው።

ኤውላሊያ፦ ብቻ ትላለህ? እሱን ስትጽፍ አይደል ልጄ ሲክስቶ ሌባ የሚሆነው። ገበያ ያወጣው የእናቱን ሥራ ነው።

ባልታሳር፦ ይህን የመሰለ ጆሮ፣ ይህን የመሰለ ዓይን ዛሬ የሚሠራ የለም። አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያልፈዋል።

ኤውላሊያ፦ እኔ ገና ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ልጄን ባታሳስርብኝ ሙገሳህ ደስ ባለኝ።

ባልታሳር፦ ሃያ ዓመት ያጠናሁት ይህንኑ ነው።

ኤውላሊያ፦ እንግዲያው አንገቱን እየው። ምን ጎደለው?

ባልታሳር፦ ገመድ።

ኤውላሊያ፦ የጥንቶቹ ለመሥዋዕት የሚነዳ አጋዘን ያለ ገመድ ሠርተው ያውቃሉ?

ባልታሳር፦ አላየሁም። ብርቅ የሚያደርገውም እሱ ነው።

ኤውላሊያ፦ ብርቅ አለኝ ደግሞ። ሲክስቶን እርጉዝ ሆኜ ነው የሠራሁት። አንገቱ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ፤ ሳላስረው ተውኩት። እናንተ ግን ልጁን አሰራችሁት።

ባልታሳር፦ ያሳዝናል፤ ግን ማስረጃ አይሆነኝም።

ኤውላሊያ፦ ማስረጃው ሆዱ ውስጥ ነው። ማሰሮው ሁለት ግማሽ ሆኖ ይሠራል፤ አፉ ሳይገጠም እጅ ገብቶ የግማሾቹን መጋጠሚያ በጣት ይጠቀጥቀዋል። የሠሪዋ ጣት ምልክት እዚያው ይቀራል። ስበረውና እይ።

ባልታሳር፦ ቅርስ አልሰብርም። እርስዎም ከነኩት ከልጅዎ ጋር ይታሰራሉ።

ኤውላሊያ፦ ከልጄ ጋር ከሆነ ምን ገዶኝ።

ባልታሳር፦ ያስቀምጡት። እማማ፣ በእናትዎ ያስቀምጡት... ምነው፣ ምነው... ሰበሩት።

ኤውላሊያ፦ አርባ ዓመት ከራስጌዬ የኖረ ነው፤ የማዝነው እኔ ነኝ። በል ስባሪውን አንሣና ጣቶቹን ቁጠር።

ባልታሳር፦ አንድ... ሁለት... ሦስተኛው አጭር ነው። ግማሽ ነው።

ኤውላሊያ፦ ስገባ ብትጨብጠኝ ኖሮ ታውቀው ነበር። ይኸው ቀኝ እጄ፤ ግጠመውና ለፖሊስ ደውል።