ዋልካ አግድም አይቆረጥም

ጅሩ ሜዳ፣ በግንቦት ፀሐይ በተሰነጣጠቀ፣ ወደ ወንዝ በሚያዘቀዝቅ ጥቁር ዋልካ መሬት መሃል፤ ትዳራቸው የፈረሰው ጥላዬና እማዋይሽ መሬታቸውን እኩል ሊካፈሉ አንድ ገመድ በሁለት ጫፍ ይዘው ቆመዋል፤ ሽማግሎቹ ከላይ ግራሩ ሥር ተቀምጠው «ተስማምታችሁ ኑ» ብለዋቸዋል።

እማዋይሽ፦ ልቀቀው ገመዱን! አግድም አይጎተትም ብዬሃለሁ!

ጥላዬ፦ ምን ሆነሽ ነው የምትጮሂው? እኩል አይደለም እንዴ? ላዩ ለኔ፣ ታቹ ላንቺ። በገመድ ተለክቶ፣ ስንዝር ሳይበልጥ ስንዝር ሳያንስ።

እማዋይሽ፦ ይሄን ነው እኩል የምትለው? ያንተ ውሃ በሙሉ ወርዶ እኔ ላይ ተኝቶ ሊከርም?

ጥላዬ፦ ውሃ ያው ቁልቁል ነው የሚሄደው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት?

እማዋይሽ፦ ውሃውንማ እግዜር ነው የፈጠረው። አግድም እንቁረጠው ያልከው አንተ ነህ። ቁልቁል ይቆረጥ! አንተም ከላይ እስከ ታች፣ እኔም ከላይ እስከ ታች። ጠፈፍ የሚለውንም ውሃ የሚተኛበትንም እኩል እንካፈል።

ጥላዬ፦ እና እንደ መቀነት የቀጠነ መሬት ልረስ? በሬዎቼ የት ሊዞሩ ነው?

እማዋይሽ፦ በሬ የሚዞረው ጫፍ ላይ ነው። አሁን እኔ ላስተምርህ?

ጥላዬ፦ ቆይ፣ ታቹስ ምን ይወጣለታል? እይው እስቲ አፈሩን! ጥቁር፣ ድፍን ያለ፣ ማዳበሪያ እንኳ የማይለምን። ስንጥቁ እጅሽን እስከ ክንድሽ ያስገባል። ይሄን የሚያህል አፈር አግኝተሽ ታኮርፊያለሽ?

እማዋይሽ፦ በግንቦት ሁሉም ያምራል። ሐምሌ ላይ እንኳን ስንዴ እንቁራሪትም ይታፈንበታል።

ጥላዬ፦ ጓያ ዝሪበታ። ጓያ ውሃ ይችላል።

እማዋይሽ፦ ምን አልክ?

ጥላዬ፦ ጓያ።

እማዋይሽ፦ ጓያ! የእትዬ አስካለ ልጅ እግሩን ጓያ ሰብሮት በዱላ ሲንፏቀቅ እያየህ፣ ለራስህ ልጆች ጓያ ትመርጣለህ?

ጥላዬ፦ ብሉት መቼ አልኩ? ሽጠሽው ሌላ እህል ትገዢበታለሽ ነው ያልኩት።

እማዋይሽ፦ ገባኝ። አንተ ላይ ሆነህ ስንዴህን እየዛቅህ ያቺን የከተማዋን ታሞላቅቅበታለህ፣ ልጆችህ ደግሞ ታች ሆነው ጓያ ይልቀሙ።

ጥላዬ፦ እሷን እዚህ ውስጥ አታስገቢያት!

እማዋይሽ፦ ያስገባሃት አንተ ነህ። ከነሻንጣዋ!

ጥላዬ፦ ነገር አታብዢ። ላዩ ቤቱ ያለበት ስለሆነ ነው። አንቺም ከፈለግሽ ታች ቤት ትሠሪያለሽ፣ ማን ከለከለሽ?

እማዋይሽ፦ ዋልካ ላይ ቤት? ዓይንህን በጨው ታጥበህ እንዲህ ትለኛለህ? ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳው ዓመት ሳይሞላው ለሁለት ይከፈላል። አባትህ እንኳ ዋልካው ላይ ሽንት ቤት አልሠሩም!

ጥላዬ፦ አባቴን ተይልኝ! መሬቱ የሳቸው ነው። ለኔ ነው የተዉት። ከዚህ ሁሉ እኩሌታውን መውሰድሽንም አመስግኚ።

እማዋይሽ፦ አባትህ ምን ነበር የተዉልህ? ከብት የሚሰምጥበት ጨፌ! እኔ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ እዚህ ቦታ ላይ ስንዴ የዘራ ሰው ነበር? በል እስቲ፣ ነበር?

ጥላዬ፦ ያረስኩት እኔ ነኝ።

እማዋይሽ፦ አረስክ፣ ማን ካደህ? አርሰህ ዘሩን ከበተንክ በኋላስ? አንተ በሬህን ፈትተህ ስትገባ፣ ተንበርክኬ አፈሩን በእጄ እየዛቅሁ መደቡን ከፍ፣ ቦዩን ዝቅ ሳደርግ የነበርኩት እኔ አይደለሁም? ብዙነሽን በሆዴ ይዤ! ያንን ሙያ ከእናቴ መንደር ይዤው መጣሁ እንጂ ከናንተ ቤት አላገኘሁትም። ጥፍሬ ሥር የገባው ጥቁር እስከ ጥምቀት አይለቀኝም ነበር።

ጥላዬ፦ ሥራሽ ነዋ! የሰው ሚስት ሁሉ የምትሠራው ነው።

እማዋይሽ፦ አንጀቴን አታሳርረው፣ አንተ ሰው!

ጥላዬ፦ እኔስ? የኔ አንጀት አላረረም? በሬዬ ዳልቻ እግሩ ተሰብሮ የቀረው እዚህ ጭቃ ውስጥ አይደል? ዋልካ መቼ ፋታ ሰጥቶኝ ያውቃል! ደረቀ ብለሽ ጅራፍ ሳታነሺ ድንጋይ ይሆናል፤ ዘነበ ብለሽ ቀንበር ሳትጭኚ ማጥ ይሆናል። በመሃል ያለችውን ትንሽ ጊዜ ለመያዝ ስሮጥ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ይሄ አይቆጠርልኝም?

እማዋይሽ፦ አውቃለሁ። ዳልቻ የሞተ ለት አብሬህ አልቅሻለሁ።

ጥላዬ፦ ታዲያ ዛሬም እዘኚልኛ!

እማዋይሽ፦ ያን ጊዜ ያዘንኩት ባሌ ስለነበርክ ነው።

ጥላዬ፦ በቃ! እኔ እዚህ ፀሐይ ላይ ስነታረክ አልውልም። ከሽማግሎቹ ጋሼ ወንድይፍራው ራሳቸው «ላዩ ለጥላዬ ይሁን» ብለዋል። አለቀ!

እማዋይሽ፦ ቁርጥ ነው?

ጥላዬ፦ ቁርጥ ነው።

እማዋይሽ፦ ላዩ ያንተ፣ ታቹ የኔ። ሁሉም በድርሻው ላይ የፈለገውን ያደርጋል።

ጥላዬ፦ የፈለገውን! እኔ በታቹ ምን አገባኝ?

እማዋይሽ፦ እሺ። ጎትት።

ጥላዬ፦ እ?

እማዋይሽ፦ ጎትት እንጂ! የወሰኑን ካስማ ምታ። ተስማምቻለሁ።

ጥላዬ፦ ተመስገን! እንዲህ ብትዪ ምን ነበረበት? የሰው ደም በከንቱ ታፈያለሽ።

እማዋይሽ፦ ካስማው ከተመታ በኋላ ግን ወሰኑ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ የአፈር ክትር እሠራለሁ። በኔ ድርሻ ያሉትንም ቦዮች እደፍናቸዋለሁ።

ጥላዬ፦ የቶቹን ቦዮች?

እማዋይሽ፦ ከላይ መጥተው፣ በኔ በኩል አልፈው፣ ወንዝ የሚገቡትን።

ጥላዬ፦ እንዴ! የኔ ውሃ በነሱ አይደል እንዴ የሚወጣው?

እማዋይሽ፦ ይወጣ ነበር።

ጥላዬ፦ ቀልዱን ተይ!

እማዋይሽ፦ ፊቴን እየው፤ ቀልድ አለበት?

ጥላዬ፦ በሌላ በኩል አወጣዋለሁ! አንቺን ብቻ መሰለሽ?

እማዋይሽ፦ በየት? በግራህ ቋጥኝ ነው፣ በቀኝህ የቤተ ክርስቲያን መሬት ነው። ቄሰ ገበዙ ጓሯቸው ውስጥ ጎርፍ ልቀቅ ይሉሃል? ቦዮቹን አንድ በአንድ የቆፈርኳቸው እኔ ነኝ። አንተ አንድ ቀን እንኳ ጫፋቸው የት እንደሚደርስ ሄደህ አይተሃል?

ጥላዬ፦ ስንዴዬ እኮ በሐምሌ ቢጫ ሆኖ ይበሰብሳል!

እማዋይሽ፦ ጓያ ዝራበታ።

ጥላዬ፦ ክፉ ሆነሻል፣ እማዋይሽ። እውነቴን ነው፣ ክፉ ሆነሻል።

እማዋይሽ፦ ለልጆቼ ክፉ ልሁን።

ጥላዬ፦ አንቺም ብትሆኚ አትጠቀሚም። ሁለታችንም ውሃ ውስጥ ነን።

እማዋይሽ፦ ያንተን ካልጨመሩብኝ የራሴን ዝናብ እችለዋለሁ። ጳጉሜ ላይ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ሽምብራዬን እበትናለሁ። ዋልካ የጠጣውን በዋዛ አይለቅም፤ ከዚያ ወዲያ ጠብታ ባይወርድ እንኳ እስኪያፈራ ድረስ ያጠጣልኛል። አንተ ደግሞ ላይ ሆነህ ስንዴህን በታንኳ ታጭዳለህ።

ጥላዬ፦ ይሄን አስበሽበት ነው የመጣሽው!

እማዋይሽ፦ አይደለም። ስመጣ ልለምንህ ነበር። ያሰብኩት አሁን ነው፣ ለልጆችህ ጓያ ስትመርጥ።

ጥላዬ፦ ቆይ፣ ካስማውን ገና አልመታሁትም።

እማዋይሽ፦ ምነው፣ ካስማው ከበደህ?

ጥላዬ፦ ስጪኝ እስቲ ያንን ጫፍ።

እማዋይሽ፦ ለምን?

ጥላዬ፦ ቁልቁል እንጎትተው።

እማዋይሽ፦ ጮክ በል፣ አልሰማሁህም።

ጥላዬ፦ ቁልቁል! ቁልቁል አልኩሽ! ቀኙ ግን የኔ ነው።

እማዋይሽ፦ ውሰድ። ቀኙም ግራውም አንድ ነው።

ጥላዬ፦ ቦዩንም አትደፍኚም።

እማዋይሽ፦ ያንተ ቦይ በድርሻህ ላይ ነው፣ እኔ ምን ቤት ነኝ? ቆፍረህ እስከ ወንዙ አውርደው።

ጥላዬ፦ መደቡንና ቦዩን ማን ይሠራልኛል? በየዓመቱ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ሆነሽ የምታወጪው አንቺ ነበርሽ።

እማዋይሽ፦ ያቺ የከተማዋ እጅ የላትም?

ጥላዬ፦ እሷማ ጥፍሯን ቀለም ተቀብታ…

እማዋይሽ፦ ዋልካም ያቀልማል።

ጥላዬ፦ እንግዲህ አፍሽን አትክፈቺብኝ። በይ ውጪና ለሽማግሎቹ ቁልቁል ተስማማን በያቸው። እኔ ገመዱን ይዤ እጠብቃለሁ።

እማዋይሽ፦ እኔ አልሄድም። አንተ ሂድ።

ጥላዬ፦ ምን ማለትሽ ነው? ነገሩ ያንቺ፣ የረታሽው አንቺ!

እማዋይሽ፦ ጠዋት ቃል በቃል ይሄንኑ ስነግራቸው «ሴት ስለ መሬት ምን ታውቃለች» ብለው ስቀውብኛል። ሂድና አንተ ያሰብከው ነው ብለህ ንገራቸው፤ ያን ጊዜ ይሰሙሃል።