ዘነበችን የተቀበለው የገብስ ማሳ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ በደርግ ጊዜ ማለቴ ነው፣ ሮቤ እንዲህ አልነበረችም። ከደጃችን ቆማችሁ ስታዩ ገብስ ነው፣ ገብስ ብቻ፣ ከዚያ ጉም፣ ከጉሙ ወዲያ ደግሞ ሌላ ገብስ። ታዲያ እኔ ያን ጊዜ የእድር ዳኛ ነኝ፣ ዳኛ ተሰማ ነው የምባለው፣ ኩራቴ አይጣል ነው! እና አንዲት እህት ነበረችኝ፣ ዘነበች፣ ታናሼ ናት። እሷ ጴንጤ ሆነች። ሆነች፣ በቃ። ጸሎት ቤታቸውን ቀበሌው አሽጎታል፣ እና በየሰዉ ቤት እየተሰበሰቡ ይጸልያሉ። እኔ ታዲያ ምን አልኳት? “የአባትሽን ማተብ በጥሰሽ ደጄን እንዳትረግጪ!” አልኳት። “እሺ ጋሼ” አለች፣ አልረገጠችም። ሦስት ዓመት! ሰማችሁ? ሦስት ዓመት በአንድ ከተማ፣ በአንድ ገበያ። ስንገናኝ እሷ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች፣ እኔ በግ የምገዛ መስዬ ፊቴን አዞራለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን “ጎባ ሆስፒታል ተኝታለች፣ አትተርፍም” አሉኝ። ሄድኩ። እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም፣ እግሬ ነው የወሰደኝ። አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው፣ መስታወቱ በጉም ነጭ ሆኗል፣ ፊቷም ከዚያ ጉም የተቆረሰ ይመስላል።

“ጋሼ፣ መጣህ?”

“መጣሁ።”

“እንግዲያው ጸልይልኝ።”

እኔ ደነገጥኩ። “በየትኛው ልጸልይልሽ? በእናንተ ነው በእኛ?” አልኳት። ሳቀች እኮ! በዚያ አቅሟ ሳቀች። “አባታችን ሆይን በል፣ እሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን” አለች። እና ጀመርኩ። ይቅር በለን የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ጠፋ። እሷ ናት የጨረሰችው።

በማግስቱ ጠዋት አረፈች። ሬሳዋን በጋሪ ነው ከጎባ ያወረድነው። ጉሙ መንገዱን ውጦታል፣ የፈረሱ ጆሮ እንኳ አይታየኝም፣ ኮቴው ብቻ ይሰማል፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። እና ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ዘነበችን አየኋት፣ ሕፃን ሆና፣ በገብሱ መሀል እየሮጠች። “ጋሼ፣ ጠብቀኝ!” ትለኛለች። ተኝቼ አይደለም ልጆቼ፣ ዓይኔን ገልጬ ነው። ሮቤ ባንደርስ ደስ ባለኝ።

ደረስን። ወደ ደብሩ ቄስ ሄድኩ። ደግ ሰው ናቸው፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። “ልጄ ተሰማ፣ ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም፣ በዚህ ግቢ ልትቀበር አትችልም” አሉኝ። ጴንጤዎቹ ደግሞ የመቃብር ቦታ የላቸውም። እና ሳጥኑን ደጄ ላይ አስቀምጬ ቆምኩ። በዚያው አትርገጪ ባልኳት ደጅ።

ሐጂ ከድር ጎረቤቴ ናቸው፣ ማሳቸው ከግቢዬ ይዋሰናል። መጡና፣ “ያ ተሰማ፣ ማል ታቴ? ምን ሆነህ ነው ሬሳ ይዘህ የቆምከው?” አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳጥኑን በእጃቸው ዳሰሱና፣ “መሠረተ ትምህርት ላይ ሚስቴን ፊደል ያስቆጠረቻት ማን ናት? ይህቺው ናት። ማሳዬ ዳር፣ ጥዱ ሥር ቦታ አለ። ኮቱ፣ ና፣ እንቆፍር!” አሉ።

“ሐጂ፣ ክርስቲያን እኮ ናት።”

“እሷንም አፈሩንም የፈጠረ አላህ ነው። ገበሬ ማኅበሩን እኔ አናግራለሁ፣ አንተ ዶማ አምጣ!”

እድሩን ሰበሰብኩ። ታዲያ በየነ የሚባል ሰው አለ፣ አንገቱን እንደ አውራ ዶሮ ሰቅሎ ተነሳ፣ “ዳኛ! ሟቿ ጴንጤ፣ መቃብሩ እስላም ማሳ ላይ፣ የእኛ ድንኳን እዚያ ምን ሊሠራ ይሄዳል?” አለ። ከሳምንት በፊት ቢሆን ይህን የምናገረው እኔ ነበርኩ። “በየነ፣ ክርስቶስም የተቀበረው በሰው መቃብር ነው” አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ተቀመጠ። ቆይቶ ደግሞ ተነሳ፣ ሊከራከረኝ ነው ስል የድንኳኑን ምሰሶ በትከሻው አነሳ።

እና ቀበርናት። ጉሙ አልተነሳም። ጴንጤዎቹ ዝማሬያቸውን ቀበሌ እንዳይሰማ በጉሮሯቸው ያንጎራጉራሉ፣ ሐጂና ወንድሞቻቸው አፈር ይመልሳሉ፣ ቄሱም መጥተው ፍትሐት ሳያደርጉ፣ መስቀል ሳያወጡ፣ ከእኛ ጋር ቆሙ። ሁሉም ጋቢውን ተከናንቧል። ማን የየትኛው እንደሆነ በዚያ ነጭ ውስጥ አይለይም፣ ሕልም ነው የሚመስለው።

“አባባ፣ ታዲያ ከዚያ በኋላ እርስዎም ጴንጤ ሆኑ?” አለች ከአዳማጮቹ አንዷ።

ማርያምን አልሆንኩም! (አዳማጮቹ ሳቁ) ሐጂም በእስልምናቸው ነው የሞቱት። በእምነቷ ዛሬም አልስማማም፤ ግን አለመስማማት ሌላ፣ እህትን ከደጅ ማባረር ሌላ። ይህን ሳውቅ እሷ የለችም። እኔ ያደረግሁት የእድሩ ደንብ ላይ አንድ መስመር ማስጻፍ ነው፦ የሞተ ሰው ሃይማኖቱ አይጠየቅም፣ ይቀበራል።

“አቶ በየነስ ፈረሙ?”

በየነማ! ጽሕፈት አያውቅም፣ አውራ ጣትህን አጥቅስ ቢባል መዳፉን በሙሉ ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። ለሌሎቻችን መፈረሚያ ቦታ አጣንላችሁ!