«ከምግብ በኋላ» ያለ መንፈስ

(ጠበል ቦታ፣ የኪራይ ክፍሎች ደጃፍ፣ ረፋድ ላይ። ባህልና የአእምሮ ሕመምን የምታጠናው ዶክተር የሺሐረግ መቅረጫዋን ይዛለች፤ እናቷን የምታስታምመው ማንጠግቦሽ እርጥብ ልብስ ታሰጣለች።)

ማንጠግቦሽ፦ ያጥፉት አልኩ እኮ፣ እትዬ ዶክተር! ድምፄ አያምርም።

ዶክተር፦ ላስዘፍንሽ አይደለም። ባለፈው ወር ከእናትሽ ጋር ስትጠመቂ፣ ባንቺ ላይ ሆኖ ስለጮኸው መንፈስ ነው የምጠይቅሽ።

ማንጠግቦሽ፦ እሱን ይጠይቁታ። ስልክ ቁጥሩን ጥሎልኝ አልሄደም።

ዶክተር፦ እንግዲያው ከሰዓት አጥማቂውን እጠይቃለሁ። የቀረጽኩትን አሰማቸዋለሁ።

ማንጠግቦሽ፦ ምኑን?

ዶክተር፦ «እናቷን የያዝኳት እኔ ነኝ፤ ክኒኗን ስጧትና ልውጣ» ያለውን። ሰው እልል ሲል እኔም ደነገጥኩ። እንዲህ ያለ መንፈስ ገጥሞኝ አያውቅም።

ማንጠግቦሽ፦ ያልተማረ ሆኖብዎት ነው?

ዶክተር፦ እንዲያውም በጣም የተማረ ነው። «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ በኋላ» ብሏል። መንፈስ ስለ ጨጓራ ይጨነቃል እንዴ፣ ማንጠግቦሽ?

ማንጠግቦሽ፦ ፋርማሲስቷ እንደዚያ ነዋ ያለችኝ!

ዶክተር፦ ማንን?

ማንጠግቦሽ፦ ወይኔ፣ አመለጠኝ። እሺ፣ እኔ ነኝ። ምን ላድርግ? አጥማቂው ጠበልና ክኒን አንድ ሆድ ውስጥ አያድሩም አሉ። የሌላው ሰው መንፈስ ስሙንም አገሩንም ይለፈልፋል፤ የእማዬ ዲዳ ነው ተባለ። ጮኾ እስኪወጣ ክኒን የለም። እሷ አልጮህ ስትል ጮህኩላት።

ዶክተር፦ ከዚያስ?

ማንጠግቦሽ፦ ከዚያማ አጥማቂው ራሳቸው በእጃቸው ክኒኑን ያስውጧት ጀመር። ዛሬ ጠዋት እማዬ አፏን ከፍታ «ፀጉርሽ ቆሽሿል» አለችኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ እሰድበው ነበር።

ዶክተር፦ ደስ አለሽ?

ማንጠግቦሽ፦ እንጃ። ደስ ይለኛል ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም። ልብስ ማጠቤን ቀጠልኩ።

ዶክተር፦ የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ ጥናት ነው። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ መንፈስ ነው ብዬ አልጽፍም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ማንጠግቦሽ፦ በሽታውንማ አደባባይ አውጥተን እያስጠመቅነው ነው! ያስደበቁን መድኃኒቱን ነው። ይጻፉ፣ አልከለክልም። ለአጥማቂው ብቻ አያሰሙብኝ። እኔ መሆኔን ካወቁ ክኒኑን ይቀሟታል፤ እማዬም ተመልሳ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ዝም አይነቅዝም፣ እትዬ ዶክተር።

ዶክተር፦ ዝም አይነቅዝም? እናትሽን እያየሽ?

ማንጠግቦሽ፦ እሷማ ልጇን ጌጡን ቀብራ ነው።

ዶክተር፦ ጌጡ ያንቺስ ወንድም አይደለም?

ማንጠግቦሽ፦ ነው።

ዶክተር፦ አልቅሰሽለታል?

ማንጠግቦሽ፦ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ውሃ ይጠማዋል። እሱን ስቀዳ ነበር። ከዚያ እማዬ ዝም አለች፣ ከዚያ እዚህ መጣን። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባል የለ? እኔ ሞኟ ነኝ። ብልሰውም ጨው ጨው አላለኝ።

ዶክተር፦ (መቅረጫዋን ዝቅ አድርጋ ታያታለች።)

ማንጠግቦሽ፦ ምነው? እንደሱ አይዩኝ። የታመመችው ውስጥ ናት።

ዶክተር፦ ይኸው፣ መቅረጫውን አጠፋሁት። አጥማቂው ዘንድም አልሄድም።

ማንጠግቦሽ፦ ይማሉ?

ዶክተር፦ እናቴን! አሁን አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ያን ሁሉ ያልሽው ክኒኑን ለማስፈቀድ ነው፣ ገባኝ። የመጨረሻውን ግን ለምን አልሽው?

ማንጠግቦሽ፦ የቱን?

ዶክተር፦ ሰዉ እልል ሲል፣ ቀስ ብለሽ «ደክሞኛል፤ እኔንም ያዙኝ» ያልሽውን።

ማንጠግቦሽ፦ እንደዚያ አላልኩም።

ዶክተር፦ ተቀርጿል። ላሰማሽ?

ማንጠግቦሽ፦ አይ፣ ይተዉት። እትዬ ዶክተር… እስከ «ከምግብ በኋላ» ድረስ ያለው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ የተናገረችውን አላውቃትም።