ያልገጠመው የፍሬን ክዳን

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ በሞተር የተሽቀዳደሙት ሁለት ባልንጀሮች፣ ባለጋራዡ መርዕድና የሚስቱ የጽጌ ወንድም ደምሰው፣ የደምሰውን አሮጌ የውድድር ሞተር የፊት ጎማ አውርደው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

ደምሰው፦ የፍሬኑን ገመድ ጠበቅ አድርግልኝ አልኩህ እንጂ ፍታው አልኩህ?

መርዕድ፦ ገመዱ ምንም አልሆነም። ውስጡን ሳላይ ደግሞ አላጠብቅም።

ደምሰው፦ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የምታውቃት ሞተር ናት እኮ።

መርዕድ፦ አውቃታለሁ እንጂ። በተለይ ሀብሐብ ክምር ውስጥ ስትገባ በደንብ ነው ያየኋት።

ደምሰው፦ ይኸው ጀመረህ።

መርዕድ፦ ገና መች ጀመርኩ። ነገ የድሮ ተወዳዳሪዎች እየነዱ ይታዩ ተብሎ ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል። አንተ በሰባ ሁለት ዓመትህ ሌላ ሀብሐብ ሻጭ ላይ ብትወጣ ጽጌ የምትይዘው እኔን ነው። "ወንድሜን ያለ ፍሬን ለቀህብኝ" ብላ ቤት አታስገባኝም።

ደምሰው፦ ሀብሐብ ሻጮቹ ከዚያ ከተነሱ ቆዩ። በል ግጠመውና ልሂድ።

መርዕድ፦ ምን አጣደፈህ? ቁጭ በል አቦ። ይኸን የፍሬን ታምቡር እየው እስቲ።

ደምሰው፦ አየሁት። ታምቡር ነው።

መርዕድ፦ ጠርዙ ላይ የፋብሪካ ቁጥር አለ። አንብብልኝ።

ደምሰው፦ መነጽሬን አልያዝኩም።

መርዕድ፦ ግንባርህ ላይ ነው ያለው።

ደምሰው፦ እ… መጨረሻው ስድሳ ስምንት ይላል።

መርዕድ፦ ጎበዝ። አሁን ደግሞ ክዳኑን፣ የፍሬን ሸራዎቹን የተሸከመውን።

ደምሰው፦ ሰባ አንድ።

መርዕድ፦ አየህ? ታምቡርና ክዳን ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቁጥር ነው የሚወጡት። እነዚህ ሁለቱ ዘመዳሞች አይደሉም። አንዱ ከሌላ ሞተር መጥቶ ነው እዚህ የተጎለተው።

ደምሰው፦ ፋብሪካው ተሳስቶ ይሆናላ።

መርዕድ፦ ፋብሪካው ተሳስቶ በሞረድ ይበላዋል? ይኸን ጎድጎድ ንካው። የፊት ሹካው ጥርስ የሚገባበት ነው፤ ጎማው ሲዞር ክዳኑ አብሮ እንዳይዞር የሚይዘው። ያንተ ሞተር ጥርሱ ወፍራም ነው፣ የዚህ ክዳን ጎድጎድ ግን ጠባብ ነበር። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ ሞርዶ አስፍቶታል።

ደምሰው፦ ጥሩ አድርጎ ሞርዷል?

መርዕድ፦ እውነቱን ልንገርህ? ሥራው የተጣደፈ ነው፣ ግን ጠንቃቃ ነው። አንዷን ጫፍ እንኳ ሳያስተካክል አላለፈም።

ደምሰው፦ እግዜር ይስጥልኝ።

መርዕድ፦ ለምንድን ነው የምታመሰግነኝ?

ደምሰው፦ እንዲሁ፤ ለሰውየው ብዬ ነው።

መርዕድ፦ ሞራጁስ ይሁን፣ ከሱ በፊት የነካው ሰው ነው ጉደኛው። ገልብጠው። ይቺን ስንጥቅ አየሃት? ተሰንጥቃ ተበይዳ፣ ብየዳው ላይ ደግሞ ተመልሳ ለሁለት ሄዳለች። ብየዳ ትለዋለህ ይኸን? ዶሮ ኩሷን የጣለችበት ነው የሚመስለው። የሰው ነፍስ የሚያቆም ነገር ላይ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው መታሰር ነበረበት።

ደምሰው፦ አትፍረድበት፤ ልጅ ነበር። ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር።

መርዕድ፦ ታውቀዋለህ እንዴ?

ደምሰው፦ አውቀዋለሁ። እስከ ዛሬም በያጅ ነው። አሁን ተሻሽሏል ይላሉ።

መርዕድ፦ ማነው እሱ? የሳቢያን ሠፈሩ ነው?

ደምሰው፦ አይ፣ የከዚራው።

መርዕድ፦ ከዚራ ውስጥ ከኔ ሌላ በያጅ… ቆይ። ሰባ አንድ ነው ያልከው?

ደምሰው፦ አንተ ነህ ያስነበብከኝ።

መርዕድ፦ ሰባ አንድ የኔ ሞተር ቁጥር ነው። ተነስ። እዚያ ጥግ የተሰቀለችውን ሞተሬን ሸራዋን ግለጥልኝ።

ደምሰው፦ ተዋት፤ አቧራ ታስነሳብናለህ።

መርዕድ፦ ግለጥ ነው የምልህ። ከውድድሩ ቀን ጀምሮ ቁልፍ አላስነካኋትም። እንዳሸነፈች ትቀመጥ ብዬ አቧራዋን እንኳ አላጠብኩም… ስድሳ ስምንት። ደምሰው፣ እኔ ሞተር ላይ ያለው ክዳን ስድሳ ስምንት ነው።

ደምሰው፦ መነጽሬን ላውስህ?

መርዕድ፦ አትቀልድ። ጎድጎዱ ለኔ ጥርስ ሰፍቶ በቆርቆሮ ተሞልቷል። ሰርዲን ይላል ቆርቆሮው።

ደምሰው፦ ሌላ ቆርቆሮ አልነበረም። ዘይቱን ግን አጥቤዋለሁ።

መርዕድ፦ መቼ ነው ይኸን ያደረግከው?

ደምሰው፦ የውድድሩ ጠዋት። ሞተርህን እኛ ግቢ አቁመህ ቅዳሴ ሄድክ። ቅዳሴው ደግሞ ረዘመ፣ ቄሱን እግዜር ይባርካቸው።

መርዕድ፦ የኔን የተሰበረ ክዳን ወስደህ ራስህ ሞተር ላይ አሰርከው?

ደምሰው፦ ያን ጊዜ አልተሰበረም። ሊሰበር ነበር።

መርዕድ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ደምሰው፦ ዋዜማውን ነግሬሃለሁ። ባቡር ጣቢያው በር ላይ፣ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት። "ብየዳህ አይይዝም፣ ነገ አትንዳ" አልኩህ። ምን ብለህ መለስክልኝ?

መርዕድ፦ ረስቼዋለሁ።

ደምሰው፦ አልረሳኸውም።

መርዕድ፦ … "እንዳልቀድምህ ፈርተህ ነው" አልኩህ።

ደምሰው፦ ልጆቹም ሳቁ።

መርዕድ፦ ታዲያ ክዳኑን ደብቀህ እንዳልወዳደር ብታደርገኝ አይሻልም ነበር?

ደምሰው፦ ሽቦ አስረህም ቢሆን ትነዳ ነበር፤ አላውቅህም እንዴ። ያን ጊዜ ደግሞ ጽጌና አንተ ተያይታችኋል፣ እናንተ ማንም አያውቅም ትላላችሁ እንጂ ሠፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ስለዚህ አሰብኩ። አንተ ብየዳህን ታምነዋለህ፣ ኩርባ ላይ ስትደርስ ባለ በሌለ ኃይልህ ትይዘዋለህ። እኔ ግን አላምነውም። የማያምነው ሰው ነው ሊነዳበት የሚገባው።

መርዕድ፦ በስንተኛው ዙር ተሰበረብህ?

ደምሰው፦ በሁለተኛው።

መርዕድ፦ ስምንት ዙር ነበር እኮ።

ደምሰው፦ ስምንት ነበር።

መርዕድ፦ እስከ መጨረሻው ኩርባ ድረስ ከፊቴ ነበርክ። አቧራህን ስበላ ነው የዋልኩት።

ደምሰው፦ በኋላው ፍሬንና በማርሽ ነው ያደረስኳት። መጨረሻው ኩርባ ላይ ግን አንተን ከኋላዬ ስሰማህ ጊዜ ሐሳቤ ተሰረቀ፤ ማርሽ መቀነስ ረሳሁ። ያ የራሴ ጥፋት ነው፣ ብየዳህን አላማርርም። ሀብሐቡ ባይኖር ግን የወንዙ ግንብ ነበር የሚቀበለኝ።

መርዕድ፦ እኔ ደግሞ ይኸን ሁሉ ዘመን ሀብሐቡን እያወራሁ፣ ሠርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ…

ደምሰው፦ ለቅሶ ላይም ተናግረሃል። የአባቴ ሰልስት ላይ።

መርዕድ፦ አንድ ቀን እንኳ አፌን ብታስይዘኝ ምን ነበረበት?

ደምሰው፦ ከውድድሩ በኋላ ክዳኔን ላስመልስ መጥቼ ነበር። ሞተሯን ሰቅለህ አበባ አስረህባታል፣ እናትህ ጎረቤቱን ሰብስበው እያሳዩ ነው። አባቴ ደግሞ የዚያኑ ዕለት ማታ "ይሄ ልጅ ለካ ቁም ነገረኛ ነው" ብሎ ስለ አንተ ሲናገር ሰማሁት። ሽማግሌ ብትልክ እንደማይመልስህ ገባኝ። ከዚያ ወዲያ የት ልናገረው?

መርዕድ፦ ያንን ቁልፍ አቀብለኝ።

ደምሰው፦ ምን ልታደርግ ነው? አታውርዳት፣ ወገብህን።

መርዕድ፦ ክዳንህን ልመልስልህ ነው። ነገ በራስህ ፍሬን ነው የምትነዳው። እኔ አልነዳም፤ ድንኳኑ ሥር ቆሜ ለሰዉ ሁሉ እናገራለሁ፣ ማን እንዳሸነፈ።

ደምሰው፦ ተው መርዕድ። ያረጀ ነገር ነው።

መርዕድ፦ አልተውም። ከሰዉ በፊት ግን ዛሬ ምሳ ላይ ለጽጌ ነው የምነግራት። ሃምሳ ዓመት ከዋንጫው ላይ አቧራ ስትጠርግ የኖረች ሴት ከኔ አፍ ልትሰማው ይገባል። እንዴት እንደምጀምርላት ነው የጨነቀኝ።

ደምሰው፦ አትጨነቅ። እኔ ስሞርድ ክዳኑን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ የያዘችልኝ ጽጌ ናት።