ከሣር ክዳኑ ሥር ያለው ማዕዘን

ቁጣዬ ቅርብ እንደሆነ ጋይንት ሁሉ ያውቃል። የዚያን ዓርብ ከአርብ ገበያ ስመለስ የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያንን መሪጌታ፣ የኔታ ቀለመ ወርቅን፣ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ግን ደስ አለኝ። እሑድ ሕዝቡ ለትምህርት ቤት መሥሪያ ቦታ ይሰጥ አይሰጥ ሊመክር ነው። የኔታ እንቢ ካሉ ሁሉም እንቢ ይላል፤ ለጣሪያው የተመደበው ቆርቆሮም መምህሩም ወደ ሌላ አጥቢያ ይሄዳሉ። መምህሩ ደግሞ እኔ ነኝ።

"እንደምን ዋሉ የኔታ?" ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ሥዩም፣ ያን የፈረንጅ ሣጥን ልታቆምብን ነው አሉ።"

"ምነው የኔታ! ትምህርት ቤት እኮ ነው።"

"ቢሆንስ? የአባቶቻችን ቤት ክብ ነው። አራት ማዕዘን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ዛሬ ቤቱን የለወጠ ነገ ሃይማኖቱን ይለውጣል።"

ደሜ ፈላ። ግን ሽማግሌ በቁጣ አይረታምና ዋጥ አደረግሁት።

"የኔታ፣ በቤተ ልሔም ስንት ዓመት አገለገሉ?"

"አርባ ሁለት።"

"ከውጭ ክብ ነው፤ ሣር ክዳን። ገባ ሲሉስ?"

"ገባ ስልማ የጥንቱ ሕንፃ አለ። ክቡ በኋላ የተጨመረለት ነው።"

"ጥንታዊውስ ክብ ነው?"

በመቋሚያቸው ጫፍ አፈሩ ላይ መስመር ሳቡ፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አራተኛውን ሲገጥሙት ሣቅ አመለጣቸው።

"ወይ ጉድ! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል! ማሕሌት ሲረዝም የምደገፈው ያንኑ ማዕዘን አይደለም እንዴ? ጥርብ ድንጋይ፣ እንደ ክር የቀና!"

"እንግዲያስ ቆርቆሮው ባዳ ይሁን እንጂ ማዕዘኑስ የእኛው ነው" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

"አንተስ ከዚህ ስሕተት መች ዳንክ?" አሉና በመቋሚያው ነካ አደረጉኝ። "ዓመት ሙሉ 'ዘመናዊ፣ ዘመናዊ' እያልክ አስደነገጥከን። የአባቶቻችሁ ሥራ ነው ብትለን ማን ይከለክልህ ነበር?"

አፈርኩ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም በደብረ ታቦር የተማርኩትን እንጂ የአገሬን ግንብ መች አየሁት?

እሑድ የኔታ ተነሥተው፣ "ቦታው ይሰጥ፤ ግን የማዕዘኑ ድንጋይ እንደ ቤተ ልሔሙ ይጠረብ" አሉ። ሕዝቡም እልል አለ።

ዛሬ ልጆቻችን በሰፊ መስኮት ብርሃን ያነባሉ። ጭስ ዓይናቸውን አያቃጥልም፤ ምሰሶ ሰሌዳውን አይጋርድም፤ ክረምት ሲመጣ ክዳን ፍለጋ ሣር የሚያጭድ የለም። ከሁሉ በላይ፣ ያንን የተጠረበ ማዕዘን ሲያዩ የሰው ቤት ገባን አይሉም።

ትምህርት ቤቱ የተመረቀ ዕለት የኔታ ዙሪያውን ዞረው አዩት። ከዚያ ማዕዘኑን በመዳፋቸው ዳበሱና ጀርባቸውን ሰጥተው ተደገፉት።

"እሰይ!" አሉ፣ "ሁለተኛ መደገፊያ አገኘሁ።"