ሼህ ጀብሪል ሊያዘጉት የሄዱት ገጽ

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከወልድያ ራቅ ብሎ ስልክ በተመለሰ ሰሞን፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ሲሪንቃ ላይ ጎማው ፈነዳ። ሹፌሩ ትርፍ ጎማ አልያዘም። እኔ ወልድያ ላይ ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ነኝ፤ መንገድ ላይ መገተር አልወድም፤ ሹፌሩንም በሆዴ ስረግመው ነበር። ሆኖም ያን ዕለት ከእርሻ ምርምር ማዕከሉ አጥር ሥር ጥላ ይዘን ስንቀመጥ የሰማሁትን ጨዋታ ሳስበው ይቅር ብዬዋለሁ።

ከጎኔ የተቀመጡት ሼህ ጀብሪል ነበሩ። በሐብሩ ወረዳ እኒህን ሽማግሌ የማያውቅ የለም፤ መንዙማ ይገጥማሉ፣ ደም የተቃባም ያስታርቃሉ። ከእሳቸው ቀጥላ የጎረቤታቸው ልጅ ዙልፋ ተቀምጣለች። ዙልፋ ሕግ ተምራ የተመረቀችው ጦርነቱ ወደ እኛ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ነው። ወዴት እንደሚሄዱ ሼሁን ጠየቅኋቸው።

«ስብሰባ ተጠርቼ ነው፣ መምህር» አሉኝ። «በኢንተርኔት የሰው ሥራ በሚሰርቁ ላይ ሕግ ይወጣል አሉ። ከሰዓት በኋላ ሐሳብ ስጡ ተብለናል፤ መጀመሪያ እንድናገር የመረጡት እኔን ነው።»

«ምን ሊሉ አሰቡ?»

«ዝጉት ነዋ። የሰረቀውን ገጽ ዕለቱን ዝጉት፤ ካስቸገራችሁም የኢንተርኔቱን መስመር ከነአካቴው ቁረጡት እላለሁ።»

ዙልፋ ሻሿን አስተካክላ ወደ እሳቸው ዞረች። «አባ ጀብሪል፣ መምህርም እንዲሰሙት ነገሩን ከሥሩ ይንገሩን እስቲ።»

«ባለቤቴ አሚና ያረፈች ጊዜ አንድ መንዙማ ገጠምኩ» አሉ። «መውሊድ ላይ ሳዜመው አንዱ በስልኩ ቀዳኝ። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ወጣ፤ ድምፁ የእኔ፣ ስሙ የሌላ ሰው። አንድ ቀን ሐራ ከተማ ሠርግ ላይ ያንኑ ሳዜም አንድ ጎረምሳ ቀረበና ‹የእገሌን መንዙማ ጥሩ አድርገው ይዘውታል› ብሎ አመሰገነኝ። በአሚና ኀዘን የገጠምኩትን የሰው አደረገብኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?»

እውነቱን ለመናገር ልቤ ከእሳቸው ጋር ሆነ። የዚያን ጎረምሳ ምስጋና ያህል የሚያቃጥል ስድብ ሰምቼ አላውቅም። ዙልፋም አልተከራከረቻቸውም።

«ተበድለዋል» አለች። «የሰው ድካም ያለ ፈቃዱ መውሰድ በሃይማኖትም በሕግም ነውር ነው። ሕጉ ይውጣ፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ግን ጥፋተኛውን የሚለየው ማን ይሁን?»

«መንግሥት ነዋ፤ ሌላ ማን አቅም አለው?»

«መንግሥት ሲሉ ዳኛውን ነው ወይስ መስመሩን በእጁ የያዘውን ሹም?»

«የዳኛ ቀጠሮ ያስረጃል፣ ልጄ። ሹሙ ግን ጧት ብነግረው ማታ ይዘጋዋል።»

«ያ መንዙማዎን የወሰደ ሰው ቀድሞዎት ሄዶ ‹ጀብሪል የሚባል ሽማግሌ ሥራዬን ሰረቀኝ› ቢለውስ? ለአንቱ ሳይጠይቅ የዘጋ፣ በአንቱም ላይ ሳይጠይቅ ይዘጋል።»

ሼሁ ሳቅ አሉ። «እሱስ ደፋር ነው፤ አይልም አይባልም።»

«ደግሞ ያን ያስታረቁትን የደም ነገር ሲይዙ የሟች ወገኖች ቤት ውሃ ሲቀርብልዎ አልቀምስም ያሉት ለምን ነበር?»

«የገዳዩን ወገን ገና አልሰማሁማ። የአንደኛውን ቤት ብቀምስ ልቤ ያደላል ብዬ ነው።»

«ነፍስ በጠፋበት ነገር እንኳ ያልሰሙት ሰው ላይ አልፈረዱም። ዛሬ ግን መንግሥትን ‹ሳትሰማ ፍረድ› ሊሉት ነው።»

ሼሁ መቁጠሪያቸውን መቁጠር አቆሙ። ይህች ልጅ በመጽሐፍ አልሞገተቻቸውም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሠሩበት ሥራ ያዘቻቸው። ቢሆንም በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«ፊቴ የተቀመጠን ሰው እሰማዋለሁ» አሉ። «ይሄ ግን ፊትም አድራሻም የለው። ደሞስ ኢንተርኔት ምን ፈየደልን? ውሸትና የጦር ወሬ አይደል ያመጣብን?»

«ውሸቱ አለ፤ አልክድም። መስመሩ ሲቆረጥ ግን ውሸቱ መቼ ቀረ? አንዱ ወልድያ ነደደች ሲለን፣ ሌላው መርሳ ሰው አልተረፈም ሲል አልከረመም? ደውሎ የሚያጣራ ሰው ጠፋ እንጂ። ማን ቆረጠው በሚለው ዛሬም እንከራከራለን፤ የታፈነው ግን ሁላችንም ነን። ናጅዋስ ያን ጊዜ ምን ሆና ከረመች?»

ናጅዋ ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ አንድ ልጃቸው ናት። ስሟ ሲነሳ የሽማግሌው ድምፅ ዝቅ አለ።

«ናጅዋማ አባቴ ሞቷል ብላ ለቅሶ ተቀምጣ ነበር። ስልክ ሲመለስ መጀመሪያ ያለችኝ፣ ‹ድምፅዎን እየሰማሁ ነው ያለፍኩት› ነው። በሕልሟ መስሎኝ አልሐምዱሊላህ አልኩ።»

ዙልፋ ግን ጠየቀች። «ስትሄድ ድምፅዎን ቀድታ ይዛ ነበር እንዴ?»

«ኧረ የለም። ያን ጊዜ እቤታችን ስልክም አልነበረ።»

«ታዲያ ከየት ሰማችው?»

«እስቲ ከራሷ እንስማው» አሉ ሼሁ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለዙልፋ ሰጧት፤ ደወለችና ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው።

«አባ፣ ደኅና አደሩ?» አለች ናጅዋ።

«አልሐምዱሊላህ። ልጄ፣ ያን ጊዜ ድምፄን የሰማሽው ከየት ነው?»

«ከኢንተርኔት ነዋ፣ አባ። የእማን መንዙማ። በሌላ ሰው ስም ነው የወጣው፤ ግን ድምፅዎ ይጠፋኛል? ሥራ ስጨርስ እሱን ሳልሰማ አልተኛም ነበር። ሞተውም ከሆነ ድምፃቸው አለ እያልኩ እጽናናለሁ።»

«ያወጣውንስ ሰው አወቅሽው?»

«ጽፌለት ነበር። ኢዘዲን ይባላል፤ ደሴ ነው ያለው። መንዙማው በሚሞሪ ካርድ ሲደርሰው በዚያ ስም ተጽፎ እንደነበር ነገረኝ። ይቅርታ ጠይቆ ‹የአባትሽን ስም ላኪልኝና ላስተካክለው፤ እሳቸውንም ላስፈቅድ› አለኝ። እኔ ግን በሕይወት ያሉ አልመሰለኝም፤ አስፈቅዳቸው ማለት አቃተኝና ዝም አልኩት። ሲገኙ ደግሞ ደስታው አስረሳኝ።»

ሼህ ጀብሪል ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ። እኔም ዕንባዬን መግታት አልቻልኩም፤ አላፈርኩበትም።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ፣ «ዛሬ ሄጄ ላዘጋ የነበረው ልጄን ያጽናናልኝን ነው» አሉ። «በዳዬ ብዬ የረገምኩት ሰው ደግሞ ሊያስፈቅደኝ ሲፈልገኝ ነበር።»

«ኢዘዲን ነጻ ነው አላልኩም» አለች ዙልፋ። «ከማውጣቱ በፊት የማን ነው ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ሆን ብሎ የሚዘርፍም ሞልቷል፤ ለእሱ ጠንካራ ሕግ ያስፈልጋል። ግን ይጠራ፣ ይጠየቅ፣ ዳኛ ይይ። ዳኛው ቢያዘገይ ዳኛ ይጨመር እንጂ ፍርዱ ይቅር አይባልም። ጥፋቱ ከተረጋገጠም የሰረቀው ሥራ ይነሳ፤ በእሱ ሰበብ የአገሩ ሁሉ መስመር አይቆረጥ። እንዲህ ከሆነ ገጣሚው ስሙንም ድካሙንም ያገኛል፣ ንጹሑም በሐሰት አይታፈንም፣ ሹምም ስለከፋው ብቻ መስመር አይዘጋም። ዓረብ አገር ያለችዋም ልጅ አባቷ መኖሩን ታውቃለች።»

«እውነትሽን ነው» አሉ ሼሁ።

ጎማው ከመርሳ መጣና ወልድያ ደረስን። ወደ ቤቴ መሄዴን ትቼ አዳራሹ ድረስ ተከተልኳቸው። ሼሁ ተነሥተው በደላቸውን ምንም ሳይቀንሱ ተናገሩ። ከዚያ «ሌባ ይቀጣ» አሉ፤ «ግን ያልተጠየቀ ሰው አይቀጣ። የሚፈርደው ዳኛ ይሁን። መስመሩን ደግሞ ተዉልን። እኛ ተዘግቶብን አይተነዋል፤ እኔ በሕይወት እያለሁ ልጄ ለቅሶዬን ተቀምጣለች።» ከአዳራሹ ብዙው ሰው አንገቱን ደፋ። እዚያ ከተቀመጥነው ውስጥ በእነዚያ ወራት የዘመድ ድምፅ ያልናፈቀ አልነበረም።

ስንወጣ ዙልፋ የኢዘዲንን ገጽ ከፍታ ምን ብላ እንድትጽፍለት እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው።

«ሳትጠይቅ ማውጣትህ ጥፋት ነው በይው። ና፣ ተቀምጠን እንነጋገርበታለን» አሉ። «የገጠመው ጀብሪል፣ የተገጠመላት አሚና ብሎ ይጻፍ።»

ዙልፋ ጻፈች። ልትልከው ስትል ሼሁ እጇን ያዝ አደረጉ።

«እስክንገናኝ ድረስ ግን እንዳያነሳው በይልኝ» አሉ። «ናጅዋ ማታ ትፈልገዋለች።»